ዳልቻን ለተዝካርህ አረድንብህ

ደሴ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ቀኑን የምቆጥረው በናፍቆት ብቻ እንዳይመስልህ፤ በንዴትም ነው። ይህን የምጽፍልህ በልጃችን በሰብለ የሒሳብ ደብተር የኋላ ገጾች ላይ ነው። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለአባትሽ ስላት እርሳሱን ቀርጻ ሰጠችኝ። አንተ በሕይወትህም ማንበብ አይሆንልህም ነበር። ከቀበሌ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ እኔ ነበርኩ የማነብልህ፤ አንተ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትሰማለህ። ዛሬም እንደለመድከው ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው።

ከቤት የተለወጠውን ልንገርህ። ዝናቡ ዘንድሮ በሰኔ መግቢያ ጠንክሮ ያዘ። የርብ ወንዝ ሞልቶ እስከ ጎረቤታችን አያ ሙጬ ዋርካ ድረስ መጥቷል። ሩዙ ከውኃው በላይ አንድ ጋት ብቅ ብሏል፤ ብታየው ዓይን እንዳይበላው እንትፍ እንትፍ ትልበት ነበር። አጥሩ በምሥራቅ በኩል ወድቋል፤ ሰው እስካገኝ በእሾህ ዘግቼዋለሁ። ላሟን ሸጥኳት። በበረቱ ውስጥ አንድ ቀይ በሬ ታስሯል፤ አንተ አታውቀውም። በሬህ ዳልቻ የለም። የት ሄደ ትለኛለህ። በላነው። ለተዝካርህ አረድነውና የቁሐር ሚካኤል ሰው በሙሉ ተሰብስቦ በላው።

ይህን ቃል ስጽፍ ራሴን እጸየፋለሁ። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው፣ ከሥር ከመሠረቱ።

መጀመሪያ ግን ያንን የሚካኤል ዕለት ላስታውስህ። ከጣና ዳር የመጣ ዓሣ ሻጭ በደጃችን ሲያልፍ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅከው፤ ዓሣ አጥማጅ ነኝ አለህ። አንተን ከዚያ በኋላ ማን ያስቁምህ! እኔ በሬ እጠምዳለሁ፣ እሱ ዓሣ ያጠምዳል፣ እንዴት አንድ ቃል ለሁለታችን ይበቃል እያልክ ሰውን ሁሉ አስቸገርክ። ቀደም ሲል ለሰብለ ጥማድ የመጣው ከጥም ነው፣ በሬ ውሎ ሲፈታ ስለሚጠማው ነው ብለሃት፣ እሷም ክፍል ውስጥ ጽፋው መምህሩ በቀይ ሰርዞባት መጥታለች። ስለዚህ በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን የቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ያዝካቸው። እሳቸውም ታግሠው ነገሩህ። ግዕዙ ፀመደ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አጣመረ፣ አሰረ ማለት ነው፤ ደግሞም አገለገለ ማለት ነው፤ ለጸሎትና ለአገልግሎት ራሱን የሰጠ ሰው ፅሙድ የሚባለው ከዚያው ነው አሉህ። እንዴት ደስ አለህ! እኔና ካህናቱ አንድ ሥራ ላይ ነን እያልክ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮራህብን። ጠላ ስቀዳልህ እንኳ እንደ ቄስ ነበር የምትቀበለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን እንደ ሰነፍ ጥጃ በየሄድክበት ጎተትከው። ጥማድ ሁለቱ በሬዎች ናቸው፤ ጥማድ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው። የመሬት ለኪዎቹ መጥተው የእኛን ሦስት ጥማድ በሔክታር ጽፈው ሲሄዱ፣ መሬት የሚለካው በበሬ ድካም ነው አልካቸው፤ ይኼ ጥቁር አፈር ሦስት ጥማድ ተብሎ ዳልቻና የአያ ሙጬ በሬ ቡሬ ሦስት ቀን ተኩል ይፈጁበታል፣ ግማሹን ቀን የት ልትጽፉት ነው ብለህ አሳቅካቸው። ወጥመድም ከዚያው ነው አልክ። ሰው ሰውን ጠምዶ ያዘው የሚባለውም ከዚያው ነው። በመጨረሻም የዓሣውን ነገር ራስህ ፈታኸው። በሬ ሲጠመድ እያየ ነው፣ ዳልቻማ ቀንበር ሳነሳ አንገቱን ራሱ ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰጠኝ፤ ዓሣ ግን ሲያጠምዱት አያይም አልከኝ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር አዎን አዎን ብዬ አለፍኩህ። ምነው ያን ቀን ጆሮ በሰጠሁህ።

በታኅሣሥ አረፍክ፤ አርባህ በጥር ወደቀ። እኔ ያሰብኩት አንድ በግ፣ ዳቦና ጠላ ነበር፤ ለካህናቱ ደግሞ የሚገባቸውን። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድምህ ጥላሁን ከወረታ በባጃጅ መጣ። ታውቀዋለህ፣ ሩዝ መነገድ ከጀመረ ወዲህ አቧራ ጫማውን እንዳይነካው እስከ ግቢያችን በር ድረስ ያስነዳል። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ቆሞ፣ «ለደሴ በግ? ኧረ ያሳፍራል! ወንድሜ በበግ አይሸኝም፣ በሬ ይውደቅለት» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማን በሬ ብሎ የጠየቀ የለም። እሱም የእኔ ይውደቅ አላለም። በግቢው ውስጥ ያለው በሬ አንድ ብቻ ነበር።

ይሉኝታ ያዘኝ። ባሏን በበግ ሸኘችው እንዳይሉኝ ፈራሁ። እሺ አልኩ። ያንን እሺ ማንም ከጉሮሮዬ ጎትቶ አላወጣውም፤ ራሴው ነኝ ያልኩት።

እሺ ስል ደግሞ ትልቁን ነገር ዘለልኩ። አንተ አንድ በሬ፣ አያ ሙጬም አንድ በሬ ነበራችሁ። አሥራ አንድ ዓመት መቀናጆ ሆናችሁ፣ ዳልቻን በቀኝ ቡሬን በግራ እየጠመዳችሁ፣ አንድ ቀን የእኛን አንድ ቀን የእሱን ስታርሱ ኖራችሁ። የመቀናጆ በሬ ግማሹ የጎረቤት ነው ትል ነበር። ልትሸጠውም ሆነ ልታርደው ብታስብ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። እኔ ለአያ ሙጬ አልነገርኩትም። ብነግረው እንደሚከለክለኝ አውቄ ይሁን፣ ወይም ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለራሴ አልመለስኩትም።

እሱ የሰማው ቢላዋው ከተሳለ በኋላ ነው። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዳልቻ ወድቆ ነበር። ሰው ና ግባ፣ ና ተቀመጥ ቢለውም አልሰማም፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከግድግዳው ላይ የራሱን ቀንበር አወረደና በትከሻው ያዘ። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። «ምነው እቴ፣ ብትነግሪኝ ምናለ?» አለኝ። ቁራሽ ዳቦ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። ሰዉ ይበላል። ስታርስላቸው የኖርከው ሰዎች፣ ዳልቻ ምርታቸውን ያበራየላቸው ሰዎች፣ ሥጋው ወፍራም ነው፣ ሥጋው ጥሩ ነው ይላሉ። ወንድምህ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ በየድንኳኑ ይዞራል፤ ቅባቱ በአገጩ ይወርዳል፤ «ደሴ ተሸኘ! እንዲህ ነው ወንድም!» ይላል። የዳልቻ ቆዳ በአጥሩ ሥር ተጥሏል። ዝንብ ወርሮታል። ቀንበር የመለጠው የጫንቃው ቦታ፣ አንተ ሥራ ስትጨርስ ቅቤ የምትቀባው ያ ጠጉር የሌለው ቦታ፣ ወደ ላይ ዞሮ ይታየኛል። አንድ ውሻ መጥቶ እሱኑ ላሰው።  ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ሴቶቹ በሐዘን ነው ብለው ውኃ አመጡልኝ። እኔ ግን በሐዘን አልነበረም፤ ተጸይፌ ነው።

ግንቦት ሲጠባ ወንድምህ ተመለሰ። ሁለት ምስክሮችና የተጻፈ ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። መሬቱን በእኩል፣ እሱ አርሶ ምርቱን ለሁለት ልንካፈል፣ ለሦስት ዓመት እንድሰጠው የሚል ነው። ተቀመጠና በሚያሳዝን ድምፅ፣ «እንግዲህ በሬ የለሽ፣ ወንድ የለሽ። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?» አለኝ። ሰው የሴቲቱን በሬ አሳርዶ በልቶ፣ በሬ የለሽም ይላታል! ፊቱን አየሁት፤ ምንም አላፈረም። ያኔ ያ ዓሣ ትዝ አለኝ ደሴ። የተዝካሩ ጩኸት፣ የሽማግሌዎቹ ራስ መነቅነቅ፣ ያ ሁሉ ወንድሜ ወንድሜ ማለቱ፣ ለካ ለዚህ ለሦስት ጥማድ መሬት ነው። አባታችሁ ካካፈላችሁ ቀን ጀምሮ ጠምዶ ይዞኛል ስትለኝ፣ ወንድምህን አትማው እል ነበር። ይቅር በለኝ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። አስባለሁ ብዬ ሸኘሁት። እጁን ዘርግቶ ሲሰናበተኝ ጨበጥኩት፤ ከዚያ እጄን በአመድ አጠብኩ። መሬቱን አንዴ ከያዘው እንደማይለቅ አንተም ታውቃለህ፤ ሰብለም በዚያ ግማሽ ምርት ትምህርቷን አትጨርስም። በሬ ካላገኘሁ ግን መፈረሜ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ ላሟን ሸጬ በሬ ልገዛ ወረታ ገበያ ወረድኩ። ሴት በሬ ስትገዛ የሚሳቀውን ሳቅ ልተወው። ጥርሱን አየሁ፣ ሰኮናውን አየሁ፣ ጫንቃው ቀንበር የለመደ መሆኑን በእጄ ዳሰስኩ፣ አስሄድኩት፣ አስመለስኩት። አንተ ስታደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግኩ። ይህን ቀይ በሬ ገዝቼ በኩራት እስከ ቤት ነዳሁት። አንድ ነገር ብቻ አልጠየቅኩም።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ከመጥመድ በፊት የአያ ሙጬ ነገር አለ። በአፌ ይቅርታ ልለው አልቻልኩም፤ ቃል አነሰኝ። ከወንዙ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ እሾህ እየቆረጠ ነበር። የያዘውን ቆርጦ ጨረሰ። በኋላ ተነሥቶ መጣና ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ ከመሬት አኖረው። «በቃ፣ ጫንቃሽን ይልጠዋል» አለኝ።  በማግስቱ ቡሬንና ቀንበሩን ይዞ መጣ። እኔ ስለ ሰው ብዙ ክፉ ጽፌልሃለሁና ይህንንም አብረህ ያዝልኝ።

ደሴ፣ ትስቅብኛለህ። ቀዩ በሬ የግራ ነው! ቡሬም የግራ ነው! ዕድሜ ልኬን በሬ እያበላሁ፣ በሬ እያጠጣሁ፣ የቀኝ ነው የግራ ብዬ መጠየቅ አልመጣልኝም፤ የሚጠምደው ወንድ ስለሆነ ያ ነገር የእኔ አልነበረማ። በገበያው ከበው የሳቁት ወንዶች አንዱም ጠይቂ አላለኝም። አያ ሙጬ ሲጠምዳቸው ሁለቱም ወደ ግራ ተጋፉ፤ ቀዩ ቡሬን በቀንዱ ገፋው፣ ቡሬ ዞረ፣ ሞፈሩ ተጣሞ ሄዶ ቀው ብሎ ተሰበረ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ሳቀ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወረታ ገባ፤ ወንድምህም ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው ብሎ ላከብኝ።

እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አያ ሙጬ የተሰበረውን ሞፈር አገላብጦ አየ። ከዚያም ቡሬን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «በይ ተነሽ። ቀዩ ልጅ ነው፣ እልኸኛ ነው። ቡሬ ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ይገባዋል። ወደ ቀኝ እናዙረው» አለኝ።

በስተርጅና ያን በሬ ወደማያውቀው ጎን አዞረው። አሥር ቀን ፈጀብን። በሬ አዲስ ጎን ሲማር ከፊት የሚመራው ሰው ያስፈልጋል፤ አያ ሙጬ ከኋላ እርፉን ይዞ፣ እኔ ከፊት ገመዱን ይዤ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተራመድኩ። ቀንበሩንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ሴት በሬ አትጠምድም። አንዲት ጎረቤታችን አይታኝ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔም አፍሽን ከምትሸፍኚ መጥተሽ ገመድ ያዥልኝ አልኳት፤ እሷም አልመጣችም። ተዝካርህን ስትበላ ግን ሥጋ ለማስጨመር ሦስት ጊዜ ነበር የተነሣችው።

ሩዙን የዘራነው ዘግይተን ነው፤ ውኃው ሳይቀድመን ግን ደረስን። ለአያ ሙጬ በልዋጩ እኔና ሰብለ ሩዙን እናርምለታለን።

አሁን የመጨረሻውን ስማ። ባለፈው ሳምንት ወንድምህ መጣ። ማሳውን ዞሮ አየው፤ ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አላወጣም። ቡና አፈላሁለት፣ እንግዳ ነውና። ከዚያ በረቱን በዓይኑ ፈለገ። ቀዩን በሬ ከራሱ እስከ ጭራው፣ ከጭራው እስከ ራሱ አየና ምላሱን በከንፈሩ ላይ አዞረ። «ለዓመቱስ ምን አሰባችሁ? መቼም ደሴን እንዲሁ አንተወውም» አለኝ።  ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ በአንድ ሬሳ ይበላል? ሰብለ ፊት ነው ያለሁት ብዬ ነው እንጂ ስኒውን እወረውርበት ነበር። ለዓመቱ ዳቦና ጠላ፣ ለካህናቱ የሚገባው፤ በሬ ያማረው ካለ የራሱን እየነዳ ይምጣ አልኩት። ባጃጁን ጠርቶ ሄደ። የጠጣበትን ስኒ ሰብረሽ ጣይው የሚል መጥቶብኝ ነበር፤ አጥቤ አስቀመጥኩት። ስኒው ምን አደረገ።

ደሴ፣ አሁን እስካሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። እዚህ ድረስ ስጽፍ ሰዉ ሁሉ በላ፣ ቅባቱም በወንድምህ አገጭ ወረደ አልኩህ። በዚያ ቀን፣ ጓዳ ከመግባቴ በፊት፣ የሟች ሚስት ናት ብለው ከዳልቻ ሻኛ ቆርጠው በሳህን አመጡልኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር። በላሁ። ጣፈጠኝ ደሴ። ደግመውም ሰጡኝ፣ ደግሜም በላሁ። ከዚያ ነው ቆዳውን ያየሁት። በፋሲካ ሁሉም ሲገድፍ ሥጋ ወደ አፌ አልቀረበም፤ እስከ ዛሬም አልቀረበም። ስለዚህ ወንድምህን ስጸየፍ ከእሱ የተሻልኩ መስሎኝ አይደለም። ከራሴ ጀምሬ ነው ወደ እሱ የምደርሰው።

አንተን ለማሰብ ከእንግዲህ በቤቴ በሬ አይወድቅም። ይህን በሚካኤል ፊት ቃል ገብቻለሁ፤ ለሰብለም ነግሬያታለሁ፣ እኔንም ስትቀብር እንዳትረሳው። ዓመትህን በዳቦና በጸሎት እዘክራለሁ። ይሉኝ የነበረውን ይበሉኝ፤ የፈራሁትን ሁሉ አንዴ አይቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት የላይኛውን የጤፍ ማሳ ልናርስ ወጣን። አያ ሙጬ ቡሬን በቀኝ አቁሞ ጠበቀኝ። እኔ ቀንበሩን አንሥቼ ወደ ቀዩ ዞርኩ። ከሰኔ ጀምሮ ሲገፋኝ፣ ሲወራጭ የነበረው በሬ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ አንገቱን ራሱ ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ። እኔም ያንተን ስም ጠራሁ፣ ቀጥዬም የዳልቻን። ቀንበር ባነሳሁ ቁጥር ሁለታችሁን እንዲህ እጠራችኋለሁ።

ሚስትህ ጥሩዬ